የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት

ነርሷ መውጊያዋን ጣቴ ላይ አስጠግታ ስትጫናት ጠቅ አለች። ወዲያው ያ አፍንጫ የሚያቀዘቅዝ የአልኮል ሽታ መጣ። ደሜን በወረቀቷ ጫፍ ተቀበለችና መርፌዋን ነቅላ አጠገቧ ያለው ቢጫ ካርቶን ውስጥ ጣለቻት፤ እንዲያው ዘወር ብላ እንኳ ሳታያት።

«ጣልሻት?» አልኳት።

«ምን ላድርጋት ታዲያ?» ብላ ሳቀች። «አንድ ጊዜ ከተወጋ በኋላ ይጣላል እኮ።»

እርጉዝ ነኝ፤ እዚህ ደብረ ብርሃን ለምርመራ የመጣች እርጉዝ ሁሉ ስኳሯን ትለካለች። ዕንባዬ ሲመጣ ነርሷ መርፌ የፈራሁ መስሏት ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። መርፌ አልፈራሁም። የማየው ካርቶኑን ነበር። እስከ አፉ ሞልቷል። ከዚያ ውስጥ አንድ እፍኝ ብቻ፣ ያኔ፣ በዚያ ክረምት፣ እኛ ቤት ብትደርስ ኖሮ ብዬ ነው የተቃጠልኩት። ነገሩ እንዴት እንደነበረ ልንገራችሁ።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ሊቅ አልነበሩም፤ ቅኔም አልተማሩ፣ መቋሚያ ይዘው ወረብ አይወርቡ። ቀዳሽ ነበሩ፣ በቃ። ከዘመሮ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ደብር ከወጣትነታቸው ጀምሮ ጽዋ ሲይዙ የኖሩ ሰው ናቸው። በሌላው ቀን እንደ ማንም ገበሬ ገብሳቸውን ያርሳሉ፤ የሰው በግ ማሳቸው ከገባ ካህንነታቸውን የሚያስረሳ ቃል ከአፋቸው ይወጣል። ቅዳሴ ሲደርስባቸው ግን ድምፃቸው ሳይቀር ይለወጣል፤ ቀስ ይላሉ፣ ዕቃ ሲያስቀምጡ ድምፅ አያሰሙም። እናቴ «ዛሬ ሰውዬው የሉም፣ ቄሱ ናቸው ያሉት» እያለች ትቀልድባቸው ነበር።

ስኳር የጀመራቸው በጥም ነው። በጾም ቀን ውሃ ውሃ ሲላቸው ሰይጣን የሚፈታተናቸው መስሏቸው የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ተናዘዙበት። ስኳርን የተናዘዘ ሰው ከአባቴ ሌላ መኖሩን እንጃ። ቀኖና ተቀብለው ስግደቱን ሲሰግዱ እየደከሙ፣ ልብሳቸው እየሰፋባቸው መጣ፤ በመጨረሻ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ወስደናቸው ስኳር ነው ተባለ፤ ኪኒን ተሰጣቸው።

ኪኒኑና ጾሙ ግን አልተስማሙም። አንድ እሑድ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው፣ ገና ወደ መቅደስ ሳይገቡ፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ወደቁ። ዲያቆናቱ ዛር የያዛቸው መስሏቸው ጠበል ረጯቸው፤ ስኳር ወርዶ መሆኑን ያወቀ አንድ አስተማሪ ነው ከሻይ ቤት ሻይ አስመጥቶ ያጠጣቸው። ደግነቱ እጃቸው ባዶ ነበር። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጡ።

«ጽዋውን ይዤ ቢሆንስ?» ይሏት ነበር እናቴን። «ደሙ ቢፈስስ? ምን እላለሁ? ምን ብዬ እቆማለሁ?»

መሞትን የፈሩ አይምሰላችሁ። የፈሩት ያንን ብቻ ነበር።

አዲስ አበባ የምትኖር የንስሐ ልጃቸው ይህን ስትሰማ የስኳር መለኪያ ማሽን ከነወረቀቱ፣ ከነመርፌው ላከችላቸው። መውጊያዋ እስክሪብቶ የምታህል ሰማያዊ ነገር ናት፤ አናቷ ላይ መርፌዋ ትሰካለች፣ ስትጫኗት ጠቅ ብላ ትወጋለች። የመጣች ጊዜ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ አያት።

ለቀዳሽ ግን ስኳር መለካት እንደ እኔና እንደ እናንተ አይደለም። ደም የፈሰሰው ካህን በዚያ ቀን መቅደስ አይገባም፤ ጠብታም ብትሆን ደም ደም ናት። ስለዚህ ጠዋት ተለክተው መቀደስ አይችሉም። አባቴ አስበው አስበው መላ አገኙ። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው በሠርክ ስለሆነ፣ በዋዜማው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይለካሉ፣ ይታጠባሉ፣ ደሙ ከትናንት ጋር ያልፋል። ቁጥሩ ዝቅ ካለ ኪኒኑን ትተው ገንፎ በልተው ያድራሉ፤ ቁጥሩ ካላማራቸው ደግሞ ለሌላው ቄስ «ነገ አንተ ግባ» ብለው ይልካሉ። በዚህ ዘዴ መውደቅ ቀረ።

ጣት የመምረጡ ነገር ነበር ሌላው። የዘመሮ ጤና ጣቢያ ነርስ (እኛ አገር ወንድ ከሆነ ነርሱም ዶክተር ነው የሚባለው) «አባ፣ ጣት ይቀያይሩ፤ አንዱን ብቻ አይውጉ» ብሏቸው ነበር።

«ቀኝ እጄን ወግቼ በምን ልባርክ?» አሉት።

«እሺ፣ ከግራው ይቀያይሩ።»

«በግራው ጻሕሉን እደግፍበታለሁ፤ ሥጋው የሚያርፍበትን።» እጃቸውን ዘርግተው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አዩና ትንሿ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ይቺ ሥራ የላትም። ይቺ ትወጋ።»

ከዚያ ወዲያ ሌላ ጣት አልተወጋም።

ዓይናቸው ስለደከመ የምወጋውም ቁጥሩን የማነበውም እኔ ነበርኩ። ዘመሮ ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበርና በቤቱ ከኔ በላይ ሐኪም የለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት መጥቼ ደጃፉ ላይ፣ ፀሐይዋ አግድም በምትገባበት ቦታ፣ በግ ቆዳ ላይ እንቀመጣለን። ከበስተጀርባችን የረጠበ የበግ ጠጉር ባና ይሸታል፤ ከውጭ የተወቃ ገብስ። ጣታቸውን በአረቄ እጠርጋለሁ። መውጊያዋ ጠቅ ስትል ይደነግጡ ስለነበር ዓይናቸውን ጨፍነው «በስመ አብ» ይጀምራሉ፤ «ወወልድ» ላይ ሲደርሱ እጫናታለሁ። «መንፈስ ቅዱስ» የሚሉት ደሙ ከወጣ በኋላ ነው።

«ስንት አለ?»

ቁጥሩን ስነግራቸው ካማራቸው «ተመስገን፣ ነገ እኔ ነኝ» ይላሉ። ያቺን «ነገ እኔ ነኝ» የምትለዋን ቃል እወዳት ነበር። የሚሰጡኝ ሽልማት ያህል ነበረች።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አልመለስበትም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መኪና ሲቀር የንስሐ ልጃቸው የምትልከው ዕቃም ቀረ። መለኪያ ወረቀቱ ገና ብዙ ነበረን። ያለቀው መርፌው ነው። ስታስቡት ያበሽቃል፤ ማሽኑ አለ፣ ወረቀቱ አለ፣ ባትሪው ይሠራል፤ የምስጥ ጥርስ በምታህል መርፌ ምክንያት ሁሉም ከንቱ ሆኖ ይቀመጣል።

የመጨረሻዋን መርፌ በአረቄ እያጠብን ደጋግመን ወጋንባት። ከጊዜ በኋላ ደነዘች። ጠቅ ትላለች፣ ቆዳውን ትደቃዋለች እንጂ ደም አታወጣም። አባቴ «በስመ አብ»ን ጨርሰው እንደገና ይጀምራሉ።

መርፌ ፍለጋ ወጣሁ። ዘመሮ ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር መሳቢያዎቹን ሁሉ ከፍታ አሳየችኝ። «ከየት አመጣልሻለሁ፣ እህቴ? ይሄ መውጊያ በብዛት የሚመጣው ለወባ ምርመራ ነው። እኛ ደገኞች ነን፤ ወባ የለብንም» አለችኝ። እስቲ እዩት፤ ወባ ባለመኖሩ የተጎዳ አገር። ቀየት ሄድኩ፤ ያው ነው። ሞላሌ በገበያ ቀን ሄድኩ፤ እዚያ ያለው ባለ መድኃኒት ቤት ሰማያዊዋን መውጊያ ተቀብሎኝ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አያት።

«መርፌው የሚመጣው ከማሽኑ ጋር ታሽጎ ነው» አለኝ። «እኔ ደግሞ ማሽኑም ካለቀብኝ ቆየ። ወደ ቆላ ብትወርጂ ግን፣ ወባ ያለበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ይኖረዋል።»

«አሁን በሐምሌ?»

ቀና ብሎ በበሩ ወደ ውጭ አየ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር። «እውነትሽን ነው፤ ወንዙ አያሻግርም» አለ። ባዶ እጄን እንዳልመለስ ብሎ የስሪንጅ መርፌዎች በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ንጹሕ ናቸው፤ ከምንም ይሻላሉ። ቀስ ብለሽ ብቻ።»

በዚያ ቅዳሜ በስሪንጁ መርፌ ወጋኋቸው። ቀስ ነበር ያልኩት፣ ግን ወፍራም ናት፣ ጠልቃ ገባች። ቁጥሩ አማረ። ደሙ ግን አልቆም አለ። ጥጥ ጫንን፣ ፀሐይዋ ኮረብታው ላይ ደረሰች፣ ጥጥ ቀየርን፣ ፀሐይዋ ጠለቀች። ጥጡ ገና ቀይ ነበር። አባቴ ጥጡን አገላብጠው አዩና «ይሄ የከብት መርፌ ነው» አሉ። ለሌላው ቄስ ላኩ። እሑድ ቤታቸው ዋሉ፤ የተቀሩትን ንጹሕ መርፌዎች ሁለተኛ ዓይኔ አይያቸው ብለው ለጤና ጣቢያው ነርስ ሰጡት።

እኔ ወደ ቆላ ልውረድ አልኩ። ገበያተኛ የሚሻገርበት መልካ አለ፣ ዋና የሚያውቅ ሰው አብሮኝ ይሂድ አልኩ። እናቴ መቀነቷን ይዛ ተማጸነችኝ። አባቴ ግን ሳይቆጡ ነው የመለሱልኝ።

«ልጄን ለወንዝ ገብሬ ጽዋ አልይዝም።»

እንግዲህ የቀረው የእናቴ መርፌ ነው። ልብስ የምትጥፍባት ቀጭን መርፌ። በክብሪት ነበልባል ጫፏን ታቀላዋለች፣ በአረቄ ታጠፋዋለች፣ ከዚያ ትሰጠኛለች። ጥቂት ነው የምትወጋው፣ ደሙም ቶሎ ይቆማል። አባቴ ደስ አላቸው። «ይኸው፣ በቤታችን ነበረች እኮ» አሉ። እውነት ለመናገር እኛም ደስ ብሎን ነበር።

ቀጥሎ ፍልሰታ ገባ። በፍልሰታ ቅዳሴው በየቀኑ ስለሆነ መለካቱም በየቀኑ ሆነ። ሌላው ቄስ ጉልበቱን ታሞ ተኝቶ ነበርና፣ ከደብሩ አስተዳዳሪ ሌላ ረዳት ሳይኖራቸው ደብሯ በአባቴ ላይ ወደቀች። በየቀኑ ያቺው ጣት፣ ያቺው መርፌ። ሰኔና ሐምሌ ሙሉ የተወጋች ጣት ከዚህ በላይ ምን ልትችል? ቀላች፤ አበጠች። «ሌላ ጣት ይስጡኝ፣ አባባ» ስላቸው «አያመኝም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ስኳሩ ስሜቷን ወስዶባት ነበር። ሕመሙ ቢኖር ይሻል ነበር፤ ከሕመም ሌላ ማን ያስቆማቸዋል።

ፍልሰታ ሳይፈታ ጣቷ ፈነዳች። መግልና ደም ከወጣ ደግሞ መቅደስ የለም። ደብሯ የፍልሰታን መጨረሻ ያለ ቅዳሴ፣ በጸሎት ብቻ ዋለች፤ ሰው ሁሉ ቆርቦ በሚፈታበት ዕለት አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። ጠበል ወሰድናቸው። ጠበሉ ላይ ቆመው እጃቸውን ሲዘረጉ ጣቷ መጥቆሯን እናቴ አየችና ራሷን ይዛ ተቀመጠች።

መሐል ሜዳ ሐኪሙ ጣቷን አገላብጦ አያት። ወደ እጃቸው እንዳይሄድ መቆረጥ አለባት አለ። «ለምን አንዷን ብቻ ወጋችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ አባቴ ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። እኔስ ጻሕሉን፣ ቡራኬውን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅን ለዚያ ሰው ከየት ጀምሬ ልንገረው?

ከሆስፒታል ከተመለስን በኋላ የደብሩ አስተዳዳሪ ሊጠይቋቸው መጡ። ተቀመጡ፣ ጠላ ተቀዳላቸው። ስለ ውርጩ አወሩ፣ ስለ ገብሱ አወሩ፣ የታመመው ቄስ ጉልበቱ እየተሻለው መሆኑን ተናገሩ፤ ከዚያ ወሬው አለቀባቸውና ብርጭቆውን እያዟዟሩ ቀሩ። ምን ሊሉ እንደመጡ ሁላችንም እናውቃለን። ሥርዓቱ ሙሉ አካል ይጠይቃል። የጎደለው ትንሽ ጣት ነው፣ ሥራም የለውም ተብሎ አይታለፍም።

«አባ፣ እኔው ልናገርልዎ» አሉ አባቴ። «እርስዎ አይጨነቁ። እኔ ከእንግዲህ አልገባም።»

አስተዳዳሪው አለቀሱ። አባቴ አላለቀሱም፤ ይልቁንም «ጠላው ቀረብዎ» ብለው ብርጭቆውን ጠቆሟቸው።

ከመስቀል በኋላ ወንዙ ጎደለ። ገበያተኞች ሲወርዱ አብሬ ወረድኩ፤ ምንም እንኳ የቆረጧትን ጣት ባልመልስ ስኳራቸውን መለካት ነበረብን፣ ሰው ናቸውና። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ ከሥር እየመጣ ፊቴን መታው፤ የማሽላ ሽታ አለው። ጤና ጣቢያው ከወንዙ ማዶ፣ ዛፍ ሥር ነው። የላቦራቶሪው ልጅ የምፈልገውን ስነግረው አልጠየቀኝም፣ አላመነታም። ከካርቶን ውስጥ ሁለት እጁን ሙሉ ዘግኖ በፌስታል አደረገልኝ።

«ይቺን ብለሽ ነው ከደጋ የወረድሽ?» አለኝ ብቻ።

አቀበቱን ስወጣ ፌስታሉን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ነበር። መንገዱን ሁሉ እየወጋኝ ወጣሁ።

ቤት ደርሼ ፊታቸው ላይ ዘረገፍኩት። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። አንዷን አንስተው ወደ ብርሃኑ አድርገው አዩዋት፣ መልሰው አስቀመጧት።

«ልለካዎት፣ አባባ። ከፈለጉ ከቀኙ...»

«ለምን ብዬ?»

«ስኳሩን ለማወቅ ነዋ።»

«ለኔ መስሎሽ ነበር?» አሉ። ድምፃቸው የቅዳሴ ቀን ድምፅ ነበር፣ ቀስ ያለ። «ለጽዋው እኮ ነበር፣ ልጄ።»

ለመንኳቸው። እናቴ ለመነች። ያ ነርስም ቤት ድረስ መጥቶ ለመነ። እጃቸውን አልዘረጉም። ኪኒኑንም አንዳንድ ቀን ይውጣሉ፣ አንዳንድ ቀን ይረሳሉ፤ የረሱ ይመስላሉ እንጂ። ከዚያ ወዲያ ስኳራቸው ስንት እንደነበር የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። ያረፉት በቀጣዩ ክረምት ነው። አሟሟታቸውን መናገር አልፈልግም፤ ስኳር የገደለውን ሰው ያየ ያውቀዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሞታቸው አይደለም፣ ሁሉም ይሞታል። ከመሞታቸው በፊት ያለቀው ነገር ነው።

ከማረፋቸው በፊት፣ በዚያው ዓመት ለኅዳር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ከሆስፒታል ወዲህ ቅዳሴ ሲሄዱ የመጀመሪያቸው ነው። ሳር ላይ ውርጭ ነበር፤ ጉሙ ከገደሉ እየወጣ ደጀ ሰላሙን ሸፍኖታል፤ ከጉሙ ውስጥ ቃጭሉ ይሰማል። ድካም ስለነበረባቸው እስከ ቅጥሩ በር ደግፌ አደረስኳቸውና ሴቶቹ የሚቆሙበት ጫፍ ላይ፣ ላያቸው በምችልበት ቆምኩ። ካህናቱ «ቅኔ ማኅሌት ይግቡ» ብለዋቸው ነበር፤ እንቢ ብለዋል።

በሩን ተሳለሙ። ከዚያ ቆመው ግራ ቀኝ ማየት ጀመሩ። በዚያ ግቢ የትኛው ድንጋይ እንደሚነቃነቅ ሳይቀር ያውቃሉ። የማያውቁት አንድ ነገር ነበር፤ ሰው ሲያስቀድስ የት እንደሚቆም። ወደ አንዱ ጽድ ሄዱ፣ ተመለሱ። ሰዎች መሃል ገቡ፣ መንገድ የዘጉ መስሏቸው ወጡ። እኔ የአባቴ ልጅ ሆኜ ስኖር፣ በቅዳሴ ሰዓት ከሕዝቡ መካከል አይቻቸው አላውቅም ነበር። መጋረጃው ውስጥ ናቸው እንጂ እዚህ የሉም። ሽማግሌ ገበሬ አንዱ፣ ስሙንም በቅጡ የማላውቀው፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ሳብ አድርጎ አጠገቡ አቆማቸው።

ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» አለ። ሕዝቡ መለሰ። ቀጥሎ ቄሱ ሕዝቡን የሚባርክበት፣ ሕዝቡም ለቄሱ የሚመልስበት ተራ ነው፤ ከውስጥ ድምፁ ሳይሰማ በፊት አባቴ፣ እዚያው ውርጩ ላይ እንደቆሙ፣ ጮክ ብለው «ሰላም ለኵልክሙ» አሉ።

ዙሪያቸው ያለው ሰው ዞር አለ። አባቴ ያሉትን የሰሙት ካሉ በኋላ ነው፤ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። አንዲት ልጅ ልትስቅ ስትል እናቷ ቆነጠጠቻት። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

ያ ሽማግሌ ገበሬ ነጠላውን አስተካከለ። ወደ መቅደሱ አልዞረም፤ ወደ አባቴ ዞረና ጎንበስ ብሎ «ምስለ መንፈስከ» አላቸው።